ፋይሉ አልሄድ ሲል የድሬ ልጅ ምን ያደርጋል?

ድሬዳዋ ውስጥ ተቀምጦ «አልሄደም፤ በቃ ተውኩት» ማለት ትንሽ ያሳፍራል። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው አንድ ትልቅ ነገር አልሄድ ስላለ ነውና። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ መሀል አገር እንዲዘልቅ ነበር የታሰበው። ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። መሐንዲሶቹ ተራራውን አዩት፣ ወጪውን አሰሉት፣ ከዚያም ሐዲዱን በቆላው አዞሩት። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ሲደርስ ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ። ዛሬ ድሬ የምንላት ከተማ እንዲህ ተጀመረች።

ጣጣው በዚህ አላበቃም። ሐዲዱን ይዘረጋ የነበረው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1907 ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራውን እስኪቀጥል ድረስ ባቡሩ ከድሬ ወዲያ ፈቀቅ አላለም፤ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ታዲያ ዕቃው ከፉርጎ እየወረደ፣ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ጉዞውን ይቀጥል ነበር። «ባቡሩ ስለቆመ ንግዱም ይቁም» ያለ ነጋዴ አልነበረም። ድሬም በዚያው መሀል ከዚራን በአንድ በኩል፣ መጋላን በሌላ በኩል አድርጋ ከተማ ሆና ቁጭ አለች።

እና የዚህች ከተማ ልጅ ስልኩ ላይ አንዲት ቀይ መስመር አይቶ ሲሸነፍ ማየት ያስገርማል።

የምትታወቅ መስመር ናት። ታይዋን ገበያ ዕቃ የሚሸጥ ወጣት ከቻይና የመጣለትን የዋጋ ዝርዝር ፎቶ አንሥቶ እንደ ቻትጂፒቲ ወይም ጀሚናይ ላለ ቻትቦት ሊሰጥ ይፈልጋል፤ ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ በብር ተሰልቶ እንዲወጣለት። የማያያዣ ምልክቱን ይነካል፣ ፎቶውን ይመርጣል፣ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ «አልተሳካም» የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ይመጣል። ደግሞ ይሞክራል። ያው ነው። «አቦ ተወው» ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከትና ሒሳቡን በግምት ይሠራዋል። ሳቢያን ሰፈር ያለችው ተማሪም የመመረቂያ ጽሑፏን ምዕራፍ ልትሰጠው ስትል ያው ይገጥማታል። ቀፊራ ገበያ የምትነግደው እናት ደግሞ ገና ከመሞከሯ በፊት «ይሄ ለእናንተ ለልጆቹ ነው» ብላ ስልኩን ለልጇ ትሰጣለች።

ሦስቱም የተሸነፉት በአንድ ሐሳብ ነው፤ «እኔ ቴክኖሎጂ አይገባኝም» በሚል። ስልኩ ግን ስለ እነሱ ምንም አላለም። ያለው «ይህ ፋይል፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መንገድ አልሄደም» ብቻ ነው። ከዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ይህ ፋይል» የሚለውን ቀይሩና ሞክሩ፤ «በዚህ ሰዓት» የሚለውን ቀይሩ፤ «በዚህ መንገድ» የሚለውን ቀይሩ። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ጋ ነገሩ ይከፈታል። ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ውስጥ የገባችሁ ታውቁታላችሁ፦ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ከቀኑ ብዙ ሰዓት የሚያጠፋው የማይሠራ ነገር ለምን እንደማይሠራ በመፈለግ ነው። ባለሙያውን ከጀማሪው የሚለየው ቀይ ጽሑፍ አለማየቱ አይደለም። ከጀማሪው በላይ ያያል። አይደነግጥም እንጂ።

የመጀመሪያው ነገር ማንበብ ነው። ብዙዎቻችን የስሕተት መልእክት ሲመጣ ጣታችን ከዓይናችን ይቀድምና እንዘጋዋለን። አትዝጉት፤ ስክሪንሾት አንሡት። እንግሊዝኛው ካልገባችሁ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ዕድል አላችሁ፤ ያልሄደው ፋይሉ ነው፣ ጽሑፍ መላክ አሁንም ይቻላል። መልእክቱን ፊደል በፊደል ለዚያው ቻትቦት ጻፉለትና «ይህ ምን ማለት ነው? በአማርኛ አስረዳኝ» በሉት። በራሱ ላይ የደረሰውን ችግር ራሱ ሲተረጉምላችሁ ታያላችሁ። ስለራሱ ገደብ የሚናገረው ቁጥር ሁልጊዜ ትክክል ላይሆን ስለሚችል እሱን ከአገልግሎቱ የእገዛ ገጽ ላይ አረጋግጡ፤ የመልእክቱን ትርጉም ግን አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ አንድ ትንሽ ፈተና አለች፤ እኔ ከሁሉ የምወዳት እሷን ነው። ሌላ ፋይል ላኩ። አሁን ያነሣችሁትን ተራ ፎቶ፣ የግድግዳ ፎቶም ቢሆን። ከሄደ፣ ኔትወርኩም አፑም ስልኩም ደኅና ናቸው፤ ችግሩ ያ የመጀመሪያው ፋይል ውስጥ ነው። ካልሄደ ደግሞ ፋይሉን ለቀቅ አድርጉትና ስልኩንና መንገዱን መርምሩ። በአንዲት ሙከራ የፍለጋውን ግማሽ ጨረሳችሁ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሕግ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ዋይፋዩንም ፋይሉንም አፑንም በአንድ ላይ ቀያይራችሁ ቢሠራላችሁ ደስ ይላችኋል፣ ግን ምን እንዳዳናችሁ አታውቁትም። ነገ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

እንበል ጥፋቱ ፋይሉ ጋ ሆነ። አይፎን ያላችሁ መጀመሪያ የፎቶውን ዓይነት ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ አይፎን ፎቶ የሚያስቀምጠው በሌላው ስልክ ከተለመደው ጄፔግ ሳይሆን ኤችኢአይሲ በሚባል አነስተኛ ቦታ በሚይዝ ዓይነት ነው። ይህን ዓይነት የማይቀበሉ ድረ ገጾች አሉ። መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ፣ ካሜራ የሚለውን፣ ከዚያ ፎርማትስ የሚለውን ከፍቶ «ሞስት ኮምፓቲብል» ላይ ማድረግ ነው። አስቀድሞ የተነሣ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ስክሪንሾት አንሥቶ እሱን መላክ ይበቃል።

አንድሮይድ የያዛችሁ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። አፑ መጀመሪያ ሲከፈት «ፎቶዎችህን ልይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ «የተመረጡትን ብቻ» የሚል ምርጫ አለ፤ ጥሩ ምርጫ ነው፣ እኔም የማደርገው እሱን ነው። ብዙ ሰው ግን ያኔ ሁለት ፎቶ መርጦ ይረሳዋል። ከወር በኋላ ዛሬ ያነሣውን ፎቶ ሲፈልግ ያጣዋል፤ «ፎቶዬ ጠፋ!» ይላል። አልጠፋም፤ አልተፈቀደለትም። ሴቲንግ ውስጥ ከአፑ ስም ሥር ፈቃዱን ማስተካከል ነው።

ቴሌግራምስ? እኛ አገር ሰነድ የሚመላለሰው በቴሌግራም ነው፤ የክፍል ኖት፣ የቀበሌ ማስታወቂያ፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የሠርግ ጥሪ ሳይቀር። ቴሌግራም ላይ ከፍታችሁ ያነበባችሁት ፒዲኤፍ ግን ስልካችሁ ላይ ሌላ አፕ በሚያገኘው ቦታ ተቀምጧል ማለት አይደለም። ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ ወደ ዳውንሎድ አውርዱት፤ ከዚያ ቻትቦቱ ያገኘዋል። ሌላም አለ። ቴሌግራም ላይ ፎቶን «እንደ ፎቶ» ስትልኩ ይጨመቃል፤ ቀጫጭን ጽሑፍ ያለበት ገጽ ከሆነ ፊደሉ ይደበዝዛል። «እንደ ፋይል» ብላችሁ ስትልኩ ግን እንዳለ ይደርሳል። ጓደኛችሁ የፈተና ወረቀት ሲልክላችሁ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። ይህች አንዲት ቃል ስንቱን ሌሊት ታድን ነበር!

መጠንም አለ። እያንዳንዱ አገልግሎት ጣሪያ አለው፤ ቻትጂፒቲ ለምሳሌ ለአንድ ፋይል 512 ሜጋባይት፣ ለአንድ ምስል 20 ሜጋባይት አድርጎታል። እነዚህ ቁጥሮች በየጊዜው ስለሚለዋወጡ አትሸምድዷቸው። ማወቅ ያለባችሁ የራሳችሁን ፋይል መጠን ማየት ነው፤ ፋይሉን ጫን ብላችሁ ይዛችሁ «ዝርዝር» የሚለውን ብትነኩ ይነግራችኋል። ትልቅ ፒዲኤፍ ከሆነ የምትፈልጉትን ምዕራፍ ብቻ ለይታችሁ ላኩ። የይለፍ ቃል ያለው ፒዲኤፍ ከሆነ መቆለፊያውን አንሡ። በራር ወይም በዚፕ የታሰረ ከሆነ ፍቱት። የድሮ ወርድ ከሆነ በአዲሱ ዓይነት አድርጋችሁ እንደገና አስቀምጡት።

ፋይሉ ደኅና ሆኖ መንገዱ ሲበላሽ ነገሩ ይበልጥ የድሬ ይሆናል። በመጀመሪያ ሙቀቱ። አፕል ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠሩ ይመክራል። ግንቦትና ሰኔ ቀን ቀን ድሬ ይህን ቁጥር ሳትቸገር ታልፈዋለች። ስልክ ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ሥራውን ያዘገማል፣ የኔትወርክ አንቴናውንም ኃይል ይቀንሳል። እናንተ ፀሐይ ላይ ባጃጅ እየጠበቃችሁ «ኔትወርኩ ዛሬ ምን ነካው?» ትላላችሁ፤ ስልኩ ግን እጃችሁ ላይ እየተቃጠለ ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ሽፋኑን አውልቁ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ድንገተኛው ቅዝቃዜ ውስጡ እርጥበት ሊፈጥር ይችላል። አሥር ደቂቃ ጥላ ውስጥ ይበቃዋል፤ ለእናንተም ጥሩ ነው።

ከዚያ ኔትወርክ። ቪዲዮ ያለምንም መቆራረጥ የሚያሳይ መስመር ፋይል መላክ ሊያቅተው ይችላል፤ የማውረድና የመላክ ፍጥነት አንድ አይደሉምና። ስለዚህ «ቲክቶክ እየሠራ ይሄ እንዴት አይሠራም?» የሚለው ክርክር አያዋጣም። ድሬ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ኔትወርኩን ለደንበኞች ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ ከአዲስ አበባም በፊት። ሁለት ሲም ያለው ስልክ ካላችሁ በአንዱ አልሄድ ያለውን በሌላው ሞክሩ። ሁለቱም እምቢ ካሉ ዋይፋይ ፈልጉ። ፋይሉ እየሄደ እያለ ስክሪኑን አታጥፉ፣ ወደ ሌላ አፕም አትዙሩ፤ ብዙ ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ከጀርባ ያለውን ሥራ ያቋርጠዋል። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ተገድቦ በነበረበት ጊዜ የጫናችሁት ቪፒኤን እስከ ዛሬ ከጀርባ እየሠራ ካለ ደግሞ ዝጉት። ፋይላችሁ ስንት አገር ዞሮ እንደሚሄድ ብታውቁ ለምን እንደደከመው ይገባችሁ ነበር።

ሁሉንም አድርጋችሁ ካልሆነ ግመሉንና በቅሎውን አስታውሱ። ዕቃው መድረስ አለበት፤ በምን እንደሚደርስ የእናንተ ምርጫ ነው። የዋጋ ዝርዝሩ አምስት መስመር ከሆነ በጣታችሁ ጻፉት። ጽሑፉ ወርድ ላይ ካለ ገልብጣችሁ መልእክት መጻፊያው ላይ ለጥፉት። ፎቶ ከሆነ ጉግል ድራይቭ ላይ አስቀምጣችሁ በኮምፒውተር በጉግል ዶክስ ክፈቱት፤ ከምስሉ ውስጥ ጽሑፉን ለይቶ ለማውጣት ይሞክራል። አፑ ካስቸገረ በብሮውዘር ግቡ፤ ብሮውዘሩ ካስቸገረ በአፑ። አንዳንዴ ደግሞ አገልግሎቱ ራሱ ይወድቃል። ጁን 10 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ቻትጂፒቲ በመላው ዓለም ለሰዓታት ተቋርጦ ነበር፤ ያን ቀን ስልኩን አሥር ጊዜ ያጠፋና ያበራ ሰው ምንም አልተጠቀመም። በነፃ የምትጠቀሙ ከሆነም በቀን መላክ የምትችሉት ፋይል የተወሰነ ነው፤ ኮታው ካለቀ እስኪታደስ መጠበቅ ነው።

እዚህ ድረስ ያለው ቀላሉ ነው። ከባዱ ፋይሉ ሄዶ፣ ቀይ ጽሑፍ ሳይመጣ፣ ሁሉም ነገር ሰላም መስሎ፣ ቻትቦቱ ግን ምንም ሳያነብ ሲቀር ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንብቤያለሁ ብሎ ከራሱ ፈጥሮ ሲመልስላችሁ። ቀይ ጽሑፍ ቢያንስ እውነቱን ይናገራል።

አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ይህ በተለየ ሁኔታ ይመለከተናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ቢሮዎቻችን ውስጥ ይጻፍ የነበረው ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በሚያስቀምጡ ሶፍትዌሮች ነው፤ የድሮዎቹ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ከእነሱ መካከል ናቸው። በነዚህ የተጻፈ ደብዳቤ ስክሪን ላይ ሲታይ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ከሥሩ ያለው ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው። ዓይን የሚያየው ቅርጹን፣ ማሽኑ የሚያነበው ከሥር ያለውን ስለሆነ፣ ለቻትቦቱ የሚደርሰው ትርጉም የሌለው ኮተት ነው። ያንን ይዞ «ይህ ሰነድ ስለ ሥራ ውል ይናገራል» ቢላችሁ አትመኑት።

እንዴት ታውቃላችሁ? ከሰነዱ አንድ መስመር ገልብጣችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ መልእክት ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከተለጠፈ ደኅና ነው። የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ከመጣ ችግሩ ተገኘ። ያኔ ገጾቹን እንደ ምስል ላኩለት፤ ስክሪንሾት አድርጋችሁ፣ ወይም አትማችሁ ፎቶ አንሥታችሁ። ምስል ሲያገኝ እንደ እኛ ቅርጹን ለማንበብ ይሞክራል። የድሮ ሰነድ ብዙ ያላችሁ ከሆነ ደግሞ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዴ ቀይራችሁ ማስቀመጥ ለዘለዓለም ይገላግላችኋል።

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም የዚሁ ዘመድ ነው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በስልክ ስካን ተደርጎ ፒዲኤፍ ሲሆን ውስጡ ያለው ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ከፒዲኤፍ ውስጥ ጽሑፍ ብቻ የሚፈልግ ቻትቦት ባዶ ወረቀት ነው የሚያየው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ጣታችሁን ጽሑፉ ላይ ጫን ብላችሁ ቃል ለመምረጥ ሞክሩ። ካልተመረጠ ፎቶ ነው፤ እንደ ፎቶ ላኩት።

ኤክሴል የምትሠሩ ነጋዴዎች ደግሞ እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ። የዕቃ ስም በአማርኛ የያዘ ሠንጠረዥ ሲኤስቪ በሚባለው ተራ ዓይነት ስታስቀምጡ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል። «በርበሬ» ብላችሁ የጻፋችሁት ተርታውን የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ከዝርዝሩ ውስጥ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ ስምንት» የሚለውን ብትመርጡ ግን ፊደሉ ይተርፋል። ወይም ሳትቀይሩት የኤክሴሉን ፋይል እንዳለ ላኩ።

ፎቶ አነሳሱም ሙያ አለው። የድሬ ፀሐይ ለፎቶ ጥሩ ትመስላለች፤ ለሰነድ ግን ጠላት ናት። ቀጥታ ፀሐይ ላይ የተነሣ ወረቀት አንዱ ጎን ይነጣል፣ በሌላው የእጃችሁ ጥላ ያርፋል። በረንዳ ላይ፣ ብርሃን ባለበት ጥላ ውስጥ፣ ፍላሽ ሳታበሩ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ትይዩ አድርጋችሁ አንሡ። ትልቅ የሒሳብ መዝገብ ከሆነ ሁለቱን ገጽ በአንድ ፎቶ አታጭቁት። ብዙ ቻትቦቶች ምስል ሲደርሳቸው አሳንሰው ነው የሚያዩት፤ ስለዚህ እናንተ ስልካችሁ ላይ አጉልታችሁ የምታነቡት ቁጥር ለእሱ ነጠብጣብ ሊሆን ይችላል። ገጹን ለሁለት ከፍላችሁ አንሡ። የአማርኛ ፊደል ደግሞ «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «በ»ን ከ«ቡ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ስለሆነ፣ በደበዘዘ ፎቶ የሰው ስም ወዲያው ይለወጣል። የእጅ ጽሑፍ ከሆነማ ስሞቹንና ቁጥሮቹን እናንተው ራሳችሁ አመሳክሩ።

ማረጋገጫው እንዲህ ነው። ፋይሉ እንደሄደ ወዲያው ወደ ዋናው ጥያቄ አትግቡ። «የሰነዱን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገርና የመጨረሻውን መስመር እንዳለ ገልብጠህ ጻፍልኝ» በሉት። በትክክል ከጻፈ ቢያንስ ሰነዱ ደርሶታል ማለት ነው። ሌላ ነገር ከጻፈ ግን ከዚህ በኋላ የሚሰጣችሁን ማጠቃለያ አትመኑት። ቀን ያለበት ሰነድ ከሆነም አንድ ነገር ጨምሩ፤ «ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» በሉት። ካላላችሁት 2016ን የፈረንጅ 2016 አድርጎ ውላችሁን ሊያስረጀው ይችላል።

ስለ ድፍረት ብዙ አወራሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም በሉ። ሊሄድ መቻሉ መሄድ አለበት ማለት አይደለም። የፋይዳ መታወቂያችሁን፣ ፓስፖርታችሁን፣ የባንክ ደብተራችሁን፣ የሰው የሕክምና ወረቀትም እንዳለ አትላኩ። የደብዳቤው ይዘት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ስሙንና ቁጥሩን በጣታችሁ ሸፍናችሁ ፎቶ አንሡ፤ ወይም ስልኩ ላይ በጥቁር ቀለም ደምስሱት። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ የራሳችሁ መረጃ የመጀመሪያ ዘበኛ ግን እናንተው ናችሁ። የደንበኞቻችሁን ስምና ስልክ የያዘ መዝገብም የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የእነሱም ነው።

ያቺ የቀፊራዋ እናት ጋ ልመለስ። «ልጄ፣ ላክልኝ» ማለት ዛሬን ያሳልፋል። «ልጄ፣ አሳየኝ» ማለት ደግሞ ለሚቀጥለው ጊዜ ያበቃታል። ልጁም «እማዬ ተይው እኔ አደርገዋለሁ» ብሎ ስልኩን ባይነጥቃት ጥሩ ነው፤ ስልኩ እናቱ እጅ ላይ ይቆይ፣ እሱ በአፉ ይምራት። ቀርፋና ቁንዶ በርበሬ በማሽተት የምትለይ ሴት «ጄፔግ» የሚለውን መለየት ያቅታታል ብሎ ማሰብ ድፍረት ነው። በሽልንግ፣ በጅቡቲ ፍራንክ፣ በብር ሒሳብ በቃሏ ስትሠራ የኖረች ናት እኮ!

እርዳታ መጠየቅም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ታይዋን ገበያ ስልክ ከሚጠግኑት ልጆች አንዱ ጋ ሄዳችሁ «ስልኬ አልሠራ አለ» ካላችሁት፣ «አዲስ ሶፍትዌር ልጫንልህ» ሊላችሁ ይችላል፤ ገንዘባችሁም ይሄዳል። ከመሄዳችሁ በፊት የሞከራችሁትን በወረቀት ጻፉ፤ ስልኩ ምን እንደሆነ፣ አፕ ይሁን ብሮውዘር፣ ፋይሉ ምን ዓይነትና ስንት ሜጋባይት እንደሆነ፣ የመጣው መልእክት ቃል በቃል ምን እንደሚል። ያቺ የሳቢያኗ ተማሪ ይህን ይዛ ብትሄድ ወሬው እንዲህ ይሆናል፦

«ወንድሜ፣ ፒዲኤፍ አልሄድ አለኝ። ሌላ ፎቶ ግን ይሄዳል። በዋይፋይም በዳታም ያው ነው። ፋይሉ 4 ሜጋባይት ነው። ሲከፈት የይለፍ ቃል ይጠይቃል።»

«ይመችሽ አቦ! ታዲያ ጨርሰሽው መጥተሽ የለ? የይለፍ ቃሉን አስገቢና ክፈቺው፤ ከዚያ ፕሪንት የሚለውን ንኪና በወረቀት ፈንታ ፒዲኤፍ አድርገሽ አስቀምጪው። አዲሱ ቁልፍ አይኖረውም። እሱን ላኪ።»

«ስንት ነው ታዲያ?»

«ለምኑ?»